መንሱራ የተቀዳው ጨዋታ

ሪያድ ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ፎቁና ስለ ሙቀቱ ነው። ፎቁን አይቻለሁ፤ በመኪና መስኮት። ሙቀቱንም ቀምሻለሁ። ግን ስለ እነሱ ላውራ ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ እኔ እዚያ አገር ያደረግሁት አንድ ነገር ብቻ ነውና፤ ፈራሁ። ድሮም ፈሪ ነኝ። ድመት ከአጥር ስትዘል ‹‹ኢየሱስ!›› የምል ሴት ነኝ። ‹‹ፈሪ ለእናቱ›› የሚለው ተረት ለእኔ የተተረተ ነው የምትል እናት አለችኝ። እንግዲህ ሪያድን በዓይናችሁ የማታዩ ሁሉ፣ የምታነቡት በፈሪ ዓይን የታየውን መሆኑን ከወዲሁ እወቁልኝ።

ሥራዬን ላስረዳ። አዲስ አበባ ውስጥ ባለች ትንሽ ቢሮ፣ ኮምፒውተር አማርኛ እንዲሰማና የሰማውን እንዲጽፍ እናስተምራለን። ‹‹ማሽኑ›› ስል ብረት አይምሰላችሁ፤ ላፕቶፔ ውስጥ ያለ ፕሮግራም ነው። ይሄ ማሽን ዜና አንባቢ ሲናገር አንድ ቃል አይስትም። ሁለት ሰዎች ታክሲ ውስጥ ሲጫወቱ ግን ይደናበራል። ሰው ሲጫወት እኮ ጀምሮ ይተዋል፣ የሰው አፍ ይነጥቃል፣ ጎርሶ ያወራል፣ ሳይጨርስ ይስቃል። እኛ ደግሞ ‹‹አዎ›› ለማለት አፋችንን እንኳ አንከፍትም። ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፤ በቃ፣ እሺ ብለናል። ማሽኑ ይህን እንደ ነፋስ ያልፈዋል።

ወደ ሪያድ የተላክሁት ለዚሁ ነው። ዓረብ አገር ያሉ እህቶቻችን ሲጨንቃቸው የድምፅ መልእክት የሚልኩበት የእርዳታ መስመር አለ። መልእክቱ ይጎርፋል፤ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ግን ጥቂት ነው። ማሽኑ ወደ ጽሑፍ ቢቀይረው የባሰባትን ለይቶ ቶሎ መድረስ ይቻላል ተባለ። ሞከርነው፤ አልሆነም። ዓረብኛ የተቀላቀለበት፣ በሹክሹክታና በጥድፊያ የተነገረ አማርኛ ሲመጣበት ማሽኑ ይቀባጥራል። ስለዚህ ‹‹እዚያው ሄደሽ እውነተኛ ጨዋታ ቀድተሽ ነይ›› ተባልኩ። ወጪውን የሚችል ሪያድ ያለ አንድ ድርጅት ጋበዘን። በውሉ መሠረት ሥራው ሲያልቅ ቅጂውም፣ የተማረው ማሽንም ለእሱ ይሰጣል። ይቺን የውል ነገር ያዙልኝ።

ረቡዕ

ቦሌ ላይ ከእኔ ጋር የተሰለፉት አብዛኞቹ ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ ሴቶች ነበሩ። ጎኔ የተቀመጠችው አውሮፕላኑ ሲንደረደር ‹‹እትዬ፣ እጅሽን ልያዝ?›› አለችኝ። ያዘችኝ። ማን ማንን እንደያዘ ግን እኔና እሷ ነን የምናውቀው፤ ሰማይ ላይ ከወጣን በኋላም እጇን አልለቀቅኩም። ‹‹ምነው፣ አንቺም መጀመሪያሽ ነው እንዴ?›› ስትለኝ አፍሬ መጽሔት ማገላበጥ ጀመርኩ።

ሪያድ ስንደርስ እነሱ በአንድ በር፣ እኔ በሌላ በር ተለያየን። የጉምሩኩ ሰው ቦርሳዬን ከፍቶ መቅረጫዋን አወጣ። የክብሪት ሳጥን የምታክል ነገር ናት። አገላብጦ አያት። የድርጅቱን የግብዣ ደብዳቤ ዘረጋሁለት። ሰውየው ሳቀና በእንግሊዝኛ ‹‹ዘፋኝ ነሽ?›› አለኝ። አይደለሁም አልኩ። መለሰልኝና አለፍኩ።

የተቀበለችኝ ሂሩት ናት። የእናቴ የአክስት ልጅ፣ ነርስ፣ ባዲዓ የሚባለው ሰፈር ከባሏ ጋር የምትኖር። ክርስቲያን ናት፤ ግን ያለ ኢንሻአላህ አንድ ቀጠሮ አትይዝም። ከአየር ማረፊያው ወጥተን በሩ ሲከፈት የዳቦ ምድጃ ክዳን የተነሳ ነው የመሰለኝ። መንገዱ ሰፊ፣ መኪናው ብዙ፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን የለም። በእኛ ሰፈር ጎዳና ላይ ሰው ከጠፋ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ‹‹ምን ተፈጥሮ ነው ሰው የሌለው?›› አልኳት። ‹‹ሙቀቱ ነው እንጂ ምን ይፈጠራል፣ ሰብልዬ›› ብላ ሳቀችብኝ።

ቤቷ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፤ መጋረጃው ተጋርዷል፤ ኤሲው ያጉረመርማል። እራት በትሪ ሙሉ ሩዝ በዶሮ ቀረበ። እኛ ቤት ሩዝ የታመመ ሰው ምግብ ነው፤ እዚህ ግን በቅመም አብዶ የሰርግ ምግብ ሆኗል። ‹‹አፈር ስሆን! በሞቴ! ይቺን ብቻ!›› እያለች አጎረሰችኝ። በዚህ በዚህስ አገሬ ነበርኩ። አልጋ ላይ ወጥቼ ግን የኤሲውን ድምፅ ሰው ከበር ውጭ የሚያንሾካሹክ እያስመሰልኩ ስፈራ አደርኩ።

ሐሙስ

ሂሩት ጓደኞቿን ከሥራ መልስ ሳሎኗ ሰበሰበችልኝ። ነርሶች፣ አንድ መሐንዲስ፣ አንድ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ። ‹‹እንደ ልባችሁ ተጫወቱ›› አልኳቸውና መቅረጫዋን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ፀጥ። ቅድም ጫማ እያወለቁ ሲላፉ የነበሩት ሰዎች ናቸው። በመጨረሻ መሐንዲሱ ጉሮሮውን ጠረገና ‹‹የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ በዛሬው ዕለት›› ብሎ ጀመረ። የሂሩት ባል እንኳ ሚስቱን ‹‹እርስዎ›› ሊላት ምንም አልቀረው።

ማሽኑ ሁሉንም አንድ ፊደል ሳይስት ጻፈው። ለእኔ ሥራ ግን ዋጋ የለውም፤ ያንን ድሮም ይችላል። ሰዎቹ ሊሄዱ ሲነሱ በር ላይ ቆመው እንደገና ይንጫጩ ጀመር። መቅረጫዋ ጠፍታ ነበር።

ሂሩት ሳህን እያጠበች ‹‹አንቺ የምትፈልጊው ጨዋታ እዚህ የለም›› አለችኝ። ‹‹እኛ እኮ ወረቀት ያለን ሰዎች ነን። በእርዳታ መስመር መልእክት የምትልከዋን ከፈለግሽ መንሱራ ውረጂ።››

መንሱራ በደቡብ በኩል ያለ የሠራተኞች ሰፈር ነው። ብዙ የእኛ ሰዎች ያለ ወረቀት የሚኖሩበት። ‹‹ብንያዝስ?›› አልኳት። ‹‹አንቺ ቪዛ አለሽ፤ ምን አድርገሽ ትያዣለሽ? ይልቅ የምትሄጂባቸው ልጆች ናቸው መፍራት ያለባቸው›› አለችኝ።

ዓርብ

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ስዒድ መጣ። ሂሩትን ሆስፒታል የሚያመላልስ የወሎ ሰው ነው፤ ኢቃማ፣ ያ የመኖሪያ ፈቃድ የሚሉት፣ አለው። መኪና ውስጥ እንደገባሁ ሕጉን ነገረኝ።

‹‹እህቴ፣ ፎቶ የሚባል ነገር የለም። ቤቱ የት ነው የሚልሽ ካለ አታውቂውም። ማን አደረሰሽ ካሉሽ ታክሲ ነው።››

‹‹ታክሲው ምን ዓይነት ነበር ካሉኝስ?››

‹‹ያ አላህ! አንቺስ ሳይጠይቁሽ ነው የምትናዘዢ›› አለና ሬዲዮውን ከፈተ።

መንሱራ ስንገባ በመጨረሻ በእግሩ የሚሄድ ሰው አየሁ። ሱቁ ጠባብ፣ ዕቃው እስከ መንገድ የተዘረጋ፣ በየበሩ ተቀምጦ የሚያወጋ። መርካቶ የደረስኩ መስሎኝ ደስ ሊለኝ ነበር። ትንሽ ቆይቼ ግን የእኛን ሰዎች ለየኋቸው፤ ሲሄዱ በየማዕዘኑ ዘወር ብለው ያያሉ። እኔም ማየት ጀመርኩ።

ስዒድ ያደረሰኝ ቶይባ ቤት ነው፤ እሱ መኪናው ውስጥ ጠበቀኝ። ከሐይቅ አካባቢ የመጣች፣ ቁመቷ አጭር፣ ሳቋ ረጅም። ቤት ሠራተኛ ሆና ነው የመጣችው። ያስመጣት አሠሪ፣ ከፊል የሚሉት፣ ቤቱ ስላስመረራት ጥላ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ኢቃማ የላትም። ቀን የሰው ቤት ታጸዳለች፣ ሳምቡሳ ጠብሳ ትሸጣለች። ከተያዘች ተርሒል ትገባለች፤ እስኪያባርሯቸው የሚታሰሩበት ነው። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር የምትኖርባት አንዲት ክፍል ንጹሕ ናት፤ ጫማችን እንኳ ከደጅ እንዳይታይ ወደ ውስጥ ገብቶ ተደረደረ።

ምን እንደምሠራ አስረዳኋቸው። ስም ሁሉ ከቅጂው እንደሚጠፋ ነገርኳቸው። ሦስቱም እሺ አሉ። መቅረጫዋን ከፈትኩ፤ ያው እንደ ትናንቱ ሆነ። ቶይባ ጉልበቷን ገጥማ ‹‹የሪያድ አየር ሞቃት ነው። እኛም በሰላም እንገኛለን›› አለች። ጓደኞቿ ትንፋሻቸውን ይዘው ያዩኛል። ተስፋ ቆረጥኩ።

‹‹ኸላስ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ፣ ያላ›› አለች ቶይባ። ወለሉ ላይ ላስቲክ ተነጠፈ፤ አንድ ትሪ መጣ፤ ዙሪያውን ተቀመጥን። እውነት ለመናገር ያዳነኝ ጉርሻ ነው። ሰው አንድ ትሪ ላይ እየተጎራረሰ ዜና አያነብም። መጀመሪያ እኔን አጎረሱኝ፤ ቀጥሎ እርስ በርስ። ወዲያው መቅረጫዋ ከቃሪያው ሳህን ጎን የተቀመጠች ማንም የማያያት ዕቃ ሆነች። ስለ መዳሞቻቸው ተሳለቁ፤ የአንዷን አነጋገር ሌላዋ አስመሰለች፤ ሦስቱም ባንድ ላይ አወሩ፤ ትንፋሻቸውን እየሳቡ ‹‹አዎ፣ አዎ›› ተባባሉ። ማሽኑ ሊሰማው የሚገባው ጨዋታ ይሄ ነበር። ከደስታዬ የተነሳ መብላት አቃተኝ።

ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ።

 አንዷ የጎረሰችውን ሳትውጥ ቀረች። ቶይባ ጣቷን ወደ ጣራው አመለከተች። እኔ ያሰብኩት ስለ ራሴ አልነበረም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ያሰብኩት ስለ መቅረጫዋ ነው። እነዚህ ሴቶች ያሉት ሁሉ፣ ከነድምፃቸው፣ እሷ ውስጥ አለ። አንስቼ ጡቴ ሥር ከተትኳት።  እንደገና ተንኳኳ፤ ቀጥሎ የደከመው የወንድ ድምፅ በዓረብኛ ‹‹ውሃ! ውሃ!›› አለ። የመጠጥ ውሃ የሚያድለው ፓኪስታናዊ ነበር።

ሳቁ ቤቱን ሊያፈርሰው ደረሰ። ሰው ከድንጋጤ ሲመለስ አፉ ይፈታል። ቶይባ እንባዋን እየጠረገች ቀጠለች።

‹‹ይሄስ ምንም አይደል። ያን ጊዜ ፍተሻ የመጣ ለት! በጣራ በጣራ ስሮጥ እነኡሙ ሳልም ግቢ ወደቅኋ! ከዳቦ ቤቱ ጎን፣ አረንጓዴው በር የለ? እሱ ጋ። አሮጊቷ ብቅ ብላ አየችኝ። ወላሂ ሌባ ብላ የምትጮህ መስሎኝ ነበር። እጄን ይዛ አስገባችኝ። በኋላ እነሱ በሩን ሲያንኳኩ ‹ከእኔና ከልጄ ሚስት በቀር ሰው የለም› አለቻቸው። የልጇን ሚስት አባያ አልብሳኝ ቁጭ ብያለሁ እኮ!››

ጓደኛዋ ትንፋሿን ሳበች። መቅረጫዋ ደረቴ ውስጥ ሆና ሁሉንም ሰምታ ነበር።

ስንመለስ መንገድ ላይ ፖሊሶች መኪና ያስቆማሉ። ፓስፖርቴ ትዝ አለኝ፤ ሂሩት ቤት መሳቢያ ውስጥ ትቼዋለሁ። ‹‹የፈሩት ይደርሳል›› አልኩ። ስዒድ ‹‹አትንተፍተፊ፣ እህቴ፣ እኔ አወራለሁ›› አለኝ። ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ አየኝና ወረቀት ጠየቀ። ስልኬ ላይ ያለውን የፓስፖርቴን ፎቶ ለማግኘት ስፈልግ የእናቴን ፎቶ፣ የጎረቤት ልጅ ክርስትና፣ የሽንኩርት ዋጋ የተጻፈበት ሰሌዳ፣ ሁሉም እየመጣ አስቸገረኝ። ‹‹ቢፈትሹኝ ድምፁ ያለባትን የመቅረጫዋን ካርድ እውጣታለሁ›› ብዬ ወሰንኩ፤ በእውነት ወሰንኩ። ፖሊሱ የእናቴን ፎቶ አይቶ ፈገግ አለና ‹‹ያላ፣ ሂዱ›› አለን። 

ቅዳሜ

ጠዋት ተነስቼ ቅጂውን በጆሮዬ እየሰማሁ አንድ በአንድ ጻፍኩት። ሳቁን፣ ማቋረጡን፣ ትንፋሽ መሳቡን ሁሉ። የሳቡትን ትንፋሽ ‹‹አዎ›› ብዬ ነው የጻፍኩት። ድምፁንና ጽሑፉን አንድ ላይ ለማሽኑ ሰጠሁት፤ እያነጻጸረ ራሱን ያርማል። ስሞችን የምንሰርዘው ከማስረከባችን በፊት በመጨረሻ ነው፤ የሥራችን ልማድ እንዲያ ስለሆነ እንዳለ መገብኩት። ላፕቶፑ ስለጋለ ሂሩት እንደታመመ ልጅ ኤሲው ፊት አስተኛችው።

ከሰዓት በኋላ ሞከርነው። ሂሩት አንዷ ጓደኛዋ ጋ ደውላ ስለ ተረኛነት መጨቃጨቅ ጀመረች፤ አማርኛው ከዓረብኛው እየተምታታ፣ ደግሞ በዚያ ጥድፊያዋ። ማሽኑ ጻፈ። ኸላሱን፣ ኢንሻአላሁን፣ ሳትጨርስ የተወችውን ሁሉ። ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስትስብ የላፕቶፑ ሰሌዳ ላይ ‹‹አዎ›› የሚል ወጣ። እልል አልኩ! ሂሩትም ነገሩ ባይገባትም አብራኝ እልል አለች።

ደስታዬ ሻይ እስክንጠጣ አልቆየም። የጻፍኩትን መልሼ ሳነብ የኡሙ ሳልም ወሬ ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ስሙን ብሰርዘውስ? ዳቦ ቤቱ አለ፤ አረንጓዴው በር አለ፤ የቶይባ ድምፅ አለ። ቅጂው ደግሞ የሚቀረው እዚሁ ሪያድ፣ የማላውቀው ሰው እጅ ነው። ድርጅቱ ክፉ ነው አላልኩም። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

አዲስ አበባ ለዳዊት ደወልኩ። ሥራውን ከእኔ ጋር የሚመራው እሱ ነው። ‹‹ሰብለ፣ ሙች፣ እሱ ክፍል እኮ ወርቁ ነው›› አለኝ። ‹‹የፈራ ሰው ንግግር ከየት ይገኛል? የእርዳታ መስመሩ ላይ የሚመጣው ሁሉ እንደዚያ ነው።›› ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው የባሰ ያስፈራኝ። ባለቤቷን ሳልጠይቅ ምንም አላደርግም ብዬ ዘጋሁት።

እሑድ

ስዒድን ለምኜ ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ ፓስፖርቴን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነበር።

ቶይባ ብቻዋን ሳምቡሳ ትጠቀልላለች። ላፕቶፑን ከፍቼ ጨዋታዋን አስነበብኳት። መጀመሪያ በሳቅ ሞተች። ‹‹ይሄ ሁሉ እኔ ነኝ? እንዲህ ነው የምለፈልፈው?›› እያነበበች ወደ ታች ወረደች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

‹‹አሮጊቷንም ጽፎታል።››

‹‹ስሟን እሰርዘዋለሁ። ግን በሩም አለ፣ ዳቦ ቤቱም አለ። ከፈለግሽ ሁሉንም አጠፋዋለሁ።››

ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ ‹‹ይሄ ነገር ለዚያ መስመር ነው አይደል? እኔ እኮ ልኬላቸው ነበር›› አለችኝ። ከፊሉ ቤት እያለች፣ መታጠቢያ ቤቱን ከውስጥ ቆልፋ፣ ሻወሩን ከፍታ በሹክሹክታ የድምፅ መልእክት ትልክ ነበር። መልስ አልመጣም። ‹‹ያላዳመጡኝ ጠልተውኝ አይደለም። የእኔ ቢጤ ብዙ ነው። ይሄ ማሽን ያኔ ቢኖር አንድ ሰው ያነበው ነበር።››

 መላ ያገኘችው እሷ ናት፤ ወሬውን አሮጊቷን ትታ እንደገና ልታወራልኝ። እጇን በፎጣ ጠርጋ ተቀመጠች። መቅረጫዋን ከፈትኩ። ‹‹በአንድ ወቅት ፍተሻ በመጣ ጊዜ፣ እኔ በጣራ ላይ ተሯሯጥኩ›› አለች። ቆመች። ተያየን። ‹‹ወይ ጉድ! ሊያወሩ ሲቀመጡ ወሬ ይጠፋል ለካ›› አለችና ተወችው።

‹‹አጥፊው። የእሷን ቦታ ብቻ አጥፊው፤ ሌላው ይቅር።››

‹‹ለራስሽስ አትፈሪም?››

‹‹እኔ ብያዝ ወደ አገሬ ነው የሚመልሱኝ። እሷ ግን አገሯ እዚሁ ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ደብቃ ተገኘች ቢባል በስተርጅና የት ትሄዳለች? ያን ለት ስሜን እንኳ አልጠየቀችኝም እኮ።››

ያንን ክፍል መርጬ አሳየኋት፤ ማጥፊያውን ራሷ ነካችው። ከመቅረጫዋም፣ ከላፕቶፑም ጠፋ። ሁለታችንም እፎይ አልን። የመጀመሪያውን ትኩስ ሳምቡሳ አጎረሰችኝ፤ ምላሴን አቃጠለኝ፤ እንባዬ መጣ፤ ምላሴ ነው አልኳት።

ሰኞ

ሂሩት ሻንጣዬን በቴምርና በእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ሞልታ፣ መዘጋት ሲያቅተው ላዩ ላይ ተቀመጠችበት። ስዒድ ሸኘኝ። ‹‹በይ እህቴ፣ ማን አደረሰሽ ካሉሽ?›› አለኝ በር ላይ። ‹‹ታክሲ›› አልኩት። ‹‹አሁን ገባሽ›› ብሎ ሳቀ። አውሮፕላኑ ሲነሳ የማንንም እጅ አልያዝኩም። የደበቅሁት ነገር የለም፤ የሚያሳስበኝም የለም ብዬ እንቅልፍ ወሰደኝ።

አዲስ አበባ

በማግስቱ ቢሮ ገባሁ። ማሽኑን ለዳዊትና ለባልደረቦቻችን አሳየኋቸው። ከእርዳታ መስመሩ የመጡ፣ ድሮ ያላነበብናቸው መልእክቶች ተከፈቱለት፤ ሹክሹክታውን፣ ለቅሶ የተቀላቀለበትን ሁሉ ጻፈ። ዳዊት አቅፎ አነሳኝ። በቀጣዩ ሳምንት ለድርጅቱ እናስረክባለን ተባለ። ሁሉም ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ማይክራፎኑን ያጠፋው ሰው አልነበረም።

እኔ ወንበሬ ላይ ቀረሁ። ክፍሉ ፀጥ ብሏል። ሰሌዳው ላይ ፊደል ሲንቀሳቀስ አየሁ።

‹‹ከዳቦ ቤቱ ጎን አረንጓዴው በር የለ እሱ ጋ።››

ዙሪያዬን አየሁ። ማንም የለም። ቀጥሎ ‹‹ኡሙ ሳልም›› ብሎ ጻፈ።  ጮኼ ወጣሁና ዳዊትን ከሻዩ ላይ ጎትቼ አመጣሁት።

አንብቦ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ‹‹ፀጥታ ሲሆንበት ከተማረው አውጥቶ ይሞላዋል›› አለኝ ቀስ ብሎ። ‹‹ቅጂውን አጥፍታችኋል። እሱ ግን ከዚያ በፊት ተምሮታል። የተማረውን መርጦ የሚረሳበት መንገድ የለንም።››

‹‹ስሙን እንዳይጽፍ ብናግደውስ?››

‹‹በሩን ይጽፋል። በሩን ብናግድ ጣራውን። መቼ ምን እንደሚያወጣ አላውቅም።›› ከዚያ የማልወደውን ነገር ተናገረ። ‹‹ያለን ምርጫ ወይ እንዲሁ ማስረከብ፣ ወይ ሪያድ የተማረውን በሙሉ አጥፍቶ ወደ ድሮው መመለስ ነው። ቅጂው በእጃችን ነው፤ ያለዚያ ክፍል ከመጀመሪያው እናስተምረዋለን። ግን የፈራ ሰው አነጋገር የተማረው ከዚያ ነው። መልእክቶቹ እንደገና ይጠፉበታል።››

ያን ቀን የፈራሁትን ያህል ፖሊስ ፊት አልፈራሁም። በአንድ በኩል የቶይባን ስም እንኳ ሳትጠይቅ ያስጠጋች አሮጊት፤ በሌላ በኩል ሻወር ከፍተው የሚያንሾካሽኩ፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ሴቶች። ብቻዬን ልወስን አልቻልኩም። ዳዊት ምናልባት የምንመለስበትን፣ ሪያድ ያልተማረውን የድሮውን ማሽን መልሶ ከፈተ፤ እኔ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ድምፁን ከፍ አደረግሁና ቶይባ ጋ ደወልኩ።

ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ስትናገር የድሮው ማሽን በስልኩ እየሰማ ሰሌዳው ላይ ይቀባጥር ጀመር።

‹‹እሱም ሰው ሆነ በይኛ!›› አለች። ‹‹ምስጢር አይችል።›› ሳቀች፤ ግን የማውቀው ረጅሙ ሳቋ አልነበረም። ‹‹ታዲያ የእነዚያ ልጆች መልእክትስ?››

‹‹እኛ በጆሯችን እናዳምጣለን። ሌላ ሰውም እንለምናለን። ይዘገያል። የምትቀርብን ትኖራለች፣ ቶይባ፤ አልዋሽሽም።››

 የመንሱራ መኪና ጥሩምባ ከሩቅ ይሰማል። ዳዊት ጣቱን ማጥፊያው ላይ አድርጎ ያየኛል።

‹‹ቁርጡን ንገሪኝ›› አልኳት። ‹‹ይጥፋ?››

ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስትስብ ሰማሁ። ዳዊትም ሰማ፤ ተጫነው። ሰሌዳው ላይ ምንም አልተጻፈም።